የጃፓን መምቻና የማርታ ገንቦ

ልጅ እያለሁ ከሠራኋቸው የጅል ሥራዎች ሁሉ አንደኛ የወጣውን የሠራሁት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ከጃፓን አገር ባሕር ተሻግሮ የመጣ የሻይ መምቻ የገንቦ አንገት ውስጥ ወትፌ ጨሞ ላጠልልበት ሞከርኩ። ይህን ባወራሁ ቁጥር ልጆቼ ይንከተከታሉ። እኔም አብሬያቸው እጀምራለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ሳቄን ጨርሼው አላውቅም። በልጅነቴ አንደኛ የወጣሁበት ብቸኛ ነገር ይኸው መሆኑንም እግረ መንገዴን ልናገር።

ሚዛን ተፈሪ ላላደጋችሁ፣ ጨሞ ማለት የቡና ቅጠል ነው። ፍሬው ለነጋዴ፣ ቅጠሉ ለእኛ። ቅጠሉ እሳት ላይ ጠውለግ ይደረግና ይወቀጣል፤ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር ገንቦ ውስጥ ይንተከተካል፤ ከዚያ የገንቦው አንገት ላይ ከሳርና ከእንሰት ቃጫ የታሰረ ማጥለያ ይወተፍና በቅል ይቀዳል። ጉሮሮ ያቃጥላል፣ የተዘጋ አፍንጫ ይከፍታል፣ ዝናብ የመታው ሰው ላይ ነፍስ ይዘራል። በዚያ በንጉሡ ዘመን ደግሞ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ዝናብ ያልመታው ሰው አልነበረም። የልብሳችን ሽታ ራሱ ጭቃ፣ እርጥብ ቅጠልና ደጅ ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና ነበር።

እናቴ የምትኖረው ማጂ ነው። ይህ ልጅ ሰው ይሁንልኝ ብላ ከበቅሎ ነጋዴዎች ጋር አድርጋ ሚዛን ተፈሪ ወንድሟ ዘንድ ላከችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወንድሟን ጋሼ ዓለሙ እለዋለሁ። ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ለዘማች በተሰጠው መሬት ላይ ቡና ተክሎ፣ ሳያገባ ሳይወልድ ይኖራል። ሰፈርተኛው አንቱ እያለ ይፈራዋል። በተለይ ማዕድ ላይ ሥርዓት የሌለው ሰው አይወድም። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ በግራ እጁ ሲቆርስ አይቶ ጭንቅላቱን በጣቱ አንጓ እንዴት አድርጎ እንዳንኳኳው አልረሳም፤ እኔ ነኝ የተንኳኳሁት ይመስል የእኔም ራስ አብሮ አመመኝ።

አልጋው ሥር አንዲት የእንጨት ሳጥን ነበረችው። ውስጧ ጥቁር የሸክላ ጣባ፣ ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ፣ ጫፏ የታጠፈ የቀርከሃ ማንኪያ፣ የደበዘዘ ቀይ ጨርቅና መምቻው አሉ። መምቻው ከአንዲት የቀርከሃ አንጓ የተቀረጸ ነው። ከታች እጀታ፤ ከላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰነጣጥቆ በጥቁር ክር የተቋጠረ። ጋሼ ጥርሶቹ ሰማንያ ናቸው ይል ነበር። እኔ መቁጠር የምችለው እስከ ሃምሳ ስለነበር እስከ ሃምሳው ድረስ አምኜዋለሁ።

ሳጥኗን የሰጠችው ቆስሎ ጃፓን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ክፍሉን ታጸዳ የነበረች አሮጊት ናት። የእሷም ልጅ በሌላ ጦርነት ሞቷል። ልጇ በሞተበት ቀን በየዓመቱ በዚያች ጣባ ሻይ እየመታች ትቀዳለት ነበር። ጋሼ ደግሞ አጠገቡ የወደቀውን ጓደኛውን ጥላሁንን በእንቅልፍ ልቡ ሲጣራ ትሰማዋለች። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ግን ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሳጥኗን አቅፋ መጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ጥላሁን ዘመድ የለውም። ስሙን የሚጠራለት ጋሼ ዓለሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን፣ ጥላሁን በወደቀበት ቀን፣ ያ አስፈሪ ሰውዬ ያቺን የማትታጠፍ እግሩን እንደምንም አጥፎ ሰሌን ላይ ይንበረከካል። ጣባዋን በሙቅ ውኃ ያለቀልቃል፤ በቀዩ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ከሙዳይዋ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ያደርጋል፤ ውኃ ያፈስና በመምቻው ሽ ሽ ሽ ያደርገዋል፤ አረፋ እስኪነሳ። ከዚያ ጣባዋን ሁለት ጊዜ አዙሮ ማንም ባልተቀመጠበት ቦታ ፊት ያኖራታል። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው ወዮለት። ከጃፓን የመጣው አረንጓዴ ዱቄት በሁለት ዓመት አልቋል። ከዚያ ወዲህ ጥላሁን የሚጠጣው የሚዛን ተፈሪን የቡና ቅጠል ነው።

ያንን ቅጠል አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በስስ ጨርቅ ነፍታ እንደ ሐር የምታለሰልስለት ማርታ ናት። ማርታ የሸኮ ልጅ ነች፤ አሥራ ስድስት ቢሆናት ነው። ጋሼ ቤት ለሥራ ስትገባ ይዛ የመጣችው የሟች እናቷን ገንቦ ብቻ ነው። አማርኛዋን የለቀመችው ከገበያ ስለሆነ አንቱ የሚሉት ነገር አይገባትም። «አንተ ዓለሙ፣ እግርህን ታጠብ፣ ቤት ጠርጌያለሁ» ስትለው ጎረቤቶች አፋቸውን ይይዛሉ። ሃምሳ አለቃው ግን ቁጭ ብሎ ይታጠባል።

ለድካሟ ፊደል ያስቆጥራታል። በሳምንት አንድ መስመር፤ ገበታውን የጨረሰች ዕለት ትምህርት ቤት ያስገባታል። እንዲህ ብሎ ቃል ገብቶላታል። እሷ ይህን ቃል እንደ ገንቦዋ ነበር የምትጠብቀው። እኔ ትምህርት ቤት ሄደሃል ተብዬ ሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ ስለጋ እውላለሁ፤ እሷ የማድ ቤቱን ግድግዳ በከሰል ሞላችው። ያን ሰሞን ቀ ላይ ደርሳለች። ከስሟ ሦስት ፊደላት ሁለቱን ትጽፋለች። ለሦስተኛው ሁለት መስመር ማለት ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። «አንተ ልጅ፣ ያቺን የመጨረሻዋን አሁን አሳየኝ» ስትለኝ «ተራሽን ጠብቂ» እላታለሁ፤ ምክንያቱም እኔም በደንብ አላውቃትም።

ያ ቅዳሜ የጥላሁን ቀን ነበር። ጋሼ ጠዋት ሳጥኗን ሰሌኑ ላይ አዘጋጅቶ፣ ለጓደኛው ነፍስ ሊያስጸልይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ማርታ ለቡና ለቃሚዎቹ ምሳ የሚሆን ጨሞ ጥዳለች። እንስራዋን አነሳችና ወደ ምንጭ ከመውረዷ በፊት፣ «ማጥለያዬ ተበጣጥሷል። ታች ሰፈር አሮጊቷ ዘንድ ሂድና አዲስ አምጣልኝ። ሩጥ፣ ስመጣ እንዳላጣህ!» አለችኝ።

ታች ሰፈር ለመድረስ ያለው ቁልቁለት በዝናብ ቀን በቂጥ የሚወረድ ነው። መውረዱስ ጨዋታ ነው፤ መውጣቱን ሳስብ ሰነፍኩ። ቤት ውስጥ ማጥለያ የሚመስል ነገር ፍለጋ ዓይኔን ሳንከራትት ሳጥኗ ላይ አረፈ። እንጨቱ ደቃቅ፣ ጥርሱ ብዙ፣ ወገቡ በክር የታሰረ፤ ከአሮጊቷ ማጥለያ አሥር እጅ የሚበልጥ ማጥለያ! ጋሼ ሳይመለስ አጥቤ አስቀምጠዋለሁ፣ ማርታም ትገረማለች አልኩ። ገንቦው አንገት ውስጥ ስከተው ልክክ አለ። በልቤ ጃፓኖችን አመሰገንኩ።

ገንቦውን አዘነበልኩ። ጠብታ። ይበልጥ አዘነበልኩ። ምንም። ጥርሶቹ ውኃ ጠጥተው አብጠው አንገቱን ደፍነውታል። እኔ መሐንዲሱ ደግሞ ገንቦውን ነቀነቅኩት። ያን ጊዜ የሚፈላው ጨሞ በአንድ ጎን ፊን ብሎ ወጣና የቀኝ እጄን ጀርባ ላጠው። ጮኼ ገንቦውን መሬት አስቀመጥኩና መምቻውን በግራዬ ይዤ ጎተትኩት። ተሰማኝ፤ ቀጭን ነገር ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ። እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ጥርሶቹ ግማሾቹ ገንቦ ውስጥ፣ ግማሾቹ እንደ ተነጨ ፀጉር ተንጨባረው። ክሩ ተፈትቷል። ሰማንያው ስንት እንደቀረ ለመቁጠር ጊዜ አልነበረኝም። እጀታውን ወደ ላይ አድርጌ ሳጥኗ ውስጥ መለስኩት።

ማርታ ስትመለስ አንድ ጊዜ ገንቦውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። በስንጥር የገንቦውን አንገት ቆረቆረችና ሁለት ሦስት የቀርከሃ ጥርስ አወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው። አልተቆጣችም፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ከዚያ እጄን ይዛ ከምንጭ ባመጣችው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረችው። ማቃጠሉ እስኪተወኝ አልለቀቀችኝም።

«ሲመጣ ራስህ ንገረው» አለችኝ። «እኔ አልናገርም። አንተ ተናገር።»

«እሺ» አልኳት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። ይህንን እስከ ዛሬ ለራሴ እየደጋገምኩ እነግረዋለሁ።

ጋሼ መጣ። እግሩን ታጠበ። ተንበረከከ። እኔ ቀኝ እጄን የኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ጣባዋን አለቀለቀ፣ ጠረገ፣ ሁለት ማንኪያ አደረገ፣ ውኃ አፈሰሰ፤ ከዚያ እጁን ወደ መምቻው ሰደደ። ያነሳውን ነገር አየው። አፍንጫው ጋ አስጠጋው። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ። 

«ማርታ!»

ገባች። መምቻውን አነሳና አሳያት።

«ይህ የገባው የማን ገንቦ ውስጥ ነው?»

«ገንቦው የኔ ነው» አለች።

«ሌላ የምትናገሪው አለ?»

ዝም አለች። ዝም ያለችው ለእኔ ቦታ ስትለቅልኝ ነው። እንደምታየኝ አውቃለሁ። እኔ ሰሌኑን አያለሁ። የሰሌኑን ስንጥቆች መቁጠር ጀመርኩ፤ ሃምሳ ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ስለማልችል እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

«ዕቃሽን ያዢና ሂጂልኝ» አላት ጋሼ። ድምፁ ከፍ አላለም። ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ማርታ «ትምህርቱስ?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ገንቦዋን በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አሰረችው፤ ሌላ ዕቃ አልነበራትም። በአጠገቤ ስታልፍ ቆመችና ቀስ ብላ፣ «ማጥለያውን አላመጣህም» አለችኝ። ያለችኝ ይህንን ብቻ ነው። ጋሼ የዚያን ዓመት የጥላሁንን ጣባ በማንኪያ አማሰለ። አረፋ አልወጣውም። ውኃውና ዱቄቱ ተለያይተው፣ እንደ ረግረግ ጠቁሮ፣ ባዶው ቦታ ፊት ቀዘቀዘ።

እራት ላይ በግራ እጄ በላሁ። ቀኜ አብጦ ኪሴ ውስጥ ይነዝረኛል። ጋሼ አየኝ። የጣቱ አንጓ እስኪያርፍብኝ አንገቴን ሰበርኩ። እሱ ግን ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝና ወጣ። ሐዘኑ ቢጠናበት ነው አልኩ። እንዲያውም፣ ያን ያህል ጅል ነበርኩና፣ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የከሰል ፊደሎቹ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ቆዩ። ከዚያ ጭሱም እርጥበቱም በላቸው። በዓመቱ ማርታን አባቷን ለሚያህል ሰው ዳሯት አሉ። እኔ ትምህርቴን እንደምንም ገፋሁና መቼም እግዜር ቀልድ ይወዳል፣ አስተማሪ ሆንኩ። አንደኛ ክፍል። ቱም ላይ፣ ቴፒ ላይ፣ ሌላም ቦታ፣ ዕድሜ ልኬን ፊደል ሳስቆጥር ኖርኩ። ከቀ መስመር ወደ በ መስመር ስሻገር ሁልጊዜ ጠመኔው ይሰበርብኛል። ተማሪዎቼ ጠመኔው ይመስላቸዋል።

ደርግ ከወደቀ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛወርኩ። ጋሼ ዓለሙ መሬቱን ካጣ ቆይቷል፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ እርጅናና ወባ አልጋ ላይ ጥለውታል። በቃ አሁን እነግረዋለሁ ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሽበት ይዤ እንደ ልጅ ከየት ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ።

«ስለ መምቻው ከሆነ ተወው» አለኝ። «አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ ጋሼ?»

«በግራህ ስትበላ አየሁህ። ቃጠሎ የማላውቅ መሰለህ? እኔ እኮ ወታደር ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሃትም?»

«እህቴ አደራ ያለችኝን ልጅ ላባርር? ወጥታ ሄዳለች። አንድ ጊዜ ከአፌ ወጥቷል። በማግሥቱ ቡናው ደረሰ፤ ከዚያ ዝናብ ሆነ። ከዚያ አፈርኩ።» ከዚያ በጣቱ ወደ አልጋው ሥር ጠቆመኝ። «ሳጥኗን ለማርታ ውሰድላት። እኔ ጥላሁንን አላስቀየምኩም ብዬ ነበር የምኖረው፤ ለካ በእሷ አስቀይሜዋለሁ።»

በሳምንቱ ቀበርነው። ከእሱ ጋር ጥላሁንም ለሁለተኛ ጊዜ ሞተ፤ እኔ ከስሙ በቀር የማውቅለት ነገር የለም።

ሳጥኗን ይዤ በአይሱዙ ሸኮ ወረድኩ። ማርታ ከገበያው በላይ ያለች ተዳፋት ላይ ትኖራለች አሉኝ። ባሏ ሞቷል፤ ከወለደቻቸው አራቱን ቀብራለች፤ በገበያ ቀን ጨሞ ትሸጣለች። ደጇ ላይ ቆሜ ማን ነኝ እንደምላት ሳውጠነጥን ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን አይደለም ያየችው።

«እጅህ ዳነ?» አለችኝ።

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ግማሹ ንፍጥ ነበር። ጋሼ ያን ማታ እንዳወቀ ስነግራት ግን ቅጠል መውቀጧን አቆመች። «እኔም ያያል ብዬ ነበር» አለች። «መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አሁን እራት ይቀርባል፤ እጁን ያያል፤ ሰው ልኮ ያስጠራኛል አልኩ። ከብቶች ገቡ። ጨለመ። ከዚያ ሄድኩ።» ይህንን ስትል ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ይቅር በይኝ አልኳት። ወደ መውቀጧ ተመለሰች። የስምሽን ፊደል እኔ ላስጨርስሽ፣ የቀረሽ ሁለት መስመር ነው አልኳት። ሳቀች፤ የቀሯት ጥርሶች ጥቂት ነበሩ። «ዓይኔ አሁን ፊደል አያይም። ማጥለያ ግን ያያል። ማጥለያ አምጣ ብዬ ልኬህ አልነበር? የታለ?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከገበያው ገዝቼ አመጣሁላት። በጣቶቿ ፈታ ፈታ አድርጋ ሳሩን ለበጓ ጣለችላት። «ግዛ አላልኩህም» አለች። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ቃጫ መፋቅ፣ ሳር መምረጥ፣ ማሰር ለመድኩ። ሁለተኛው ያፈሳል ተባለ። ሦስተኛውን «ይህ መጥረጊያ ነው፤ ለሚስትህ ስጣት» አለችኝ። አንድ ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ከሱቅ የፕላስቲክ ወንፊት ይዤላት ብሄድ ለዶሮዎቿ መመገቢያ አደረገችው። ጣባዋ፣ ያቺ ኮሪያንና ጃፓንን ያየች ጥቁር ጣባ፣ የጨው ማስቀመጫዋ ሆናለች። የመምቻውን እጀታ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

አሁን ሚዛን ሌላ ከተማ ነው። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ይርመሰመሳል፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች በየካፌው በብርጭቆ ሻይ ይዘው ስልካቸውን ይነካካሉ። ያ በቂጥ የምንወርደው ቁልቁለት ደረጃ ተሠርቶለታል፤ የልጅ ልጄ ማጥለያ ብትላክ በሦስት ደቂቃ ወርዳ ትመጣ ነበር። የላክናትን ነገርም ታመጣለች፤ በእኔ አልወጣችም። ማድ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ የሞባይል ጥገና ሱቅ ቆሟል። ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። አንዳንዴ ሥራ ያለኝ መስዬ ፊቱ እቆምና ከሰል የነበረበትን ቁመት በዓይኔ እለካለሁ። ባለ ሱቁ ልጅ «አባባ ምን ልርዳዎት?» ይለኛል።

አምስተኛው ማጥለያ ደጄ ላይ ተሰቅሎ እየደረቀ ነው። ሳሩን ራሴ ከወንዝ ዳር አጭጄዋለሁ፤ እጄ ጠባሳው ላይ ስለሚጨመድድ ቋጠሮውን በግራዬ ነው ያጠበቅኩት። ማርታ ዓይኗ ደክሟል፤ አሁን የምታየው በጣቷ ነው። ማክሰኞ ገበያ ነው፤ እወስድላታለሁ። ትዳብሰዋለች፤ ታሸተዋለች፤ ከዚያ እንደምትፈታው አውቃለሁ። አንድ ማጥለያ አለብኝ።